የስሙኒ በጀት

ሮሊ ነው ያገኛት፣ ከፋብሪካው መኪና ማቆሚያ፣
ጎማ ሥር ተወሽቃ፣ ከሞተሩ ሙቀት መጠጊያ፤
ስንቱ ሰው አልፏት ሲሄድ በዚያ ብርድ፣ በጥር፣
እሱ በሄልሜቱ ይዟት መጣ፣ እንደ ምስጢር።
«ሚስቴን ያስነጥሳታል፤ አንተ ልጅ አለችህ» አለኝ፣
እሺ እንቢ ሳልለው ጃኬቴ ውስጥ ከተተልኝ።

ልጄ ሲፈን ስም ፈለገች። ናስ መሳይ ጸጉሯን አይቼ፣
«ስሙኒ እንበላት» አልኳት፣ የድሮ ሳንቲም አስታውሼ።
«ምን ይገዛል?» አለች። «ዛሬ? ምንም።»
ስሙ ደስ አላት፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ብሩክስ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሱቁ ግን ረድፉ አያልቅም፤
የድመት ምግብ እንዲህ መብዛቱን እስከዚያ ቀን አላውቅም።
እኔ መቼም የበሬ ብልት አውቃለሁ፣ አሥር ዓመት ቢላ ይዤ፣
ሻኛ ከፍሪምባ ለይቼ፣ ሽንጥ ከዳቢት መዝዤ፤
ከሰንሰለቱ ሥር ቆሜ፣ በብረት ጓንት በጎማ ጫማ፣
የቱ ሥጋ የት እንደሚሄድ ሳይ ያደርኩ በጨለማ።
ጣሳው ጀርባ «ተረፈ ሥጋ» የሚል ጽሑፍ ሲገጥመኝ፣
ሌላው ቃሉን ያነባል፣ እኔን መልኩ ነው የታየኝ፦
ሳምባው፣ ጣፊያው፣ ኩላሊቱ። ይኼስ እንኳ ነውር የለውም፣
በሳምባ ያደገች ድመት አውቃለሁ፤ አልጎደላት ምንም።
ግን ከሥሩ በቆሎ ነው፣ ከዚያ ስንዴ፣ ከዚያ ቀለም፤
ለድመት ቀለም ለምኗ? እሷ ቀይ ብጫ አትመርጥም።

ከታች ርካሹ ተከምሯል፣ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት፣
ከላይ ሳልሞን በወርቅ ፊደል፣ ጣሳዋ የጣት ቁመት፤
መሐል ላይ ቆምኩ፤ የመጀመሪያው ቃል «ዶሮ»፣
ሁለተኛው ጉበት ነው፣ ታውሪን የሚሉትን ጨምሮ፣
ለዓይኗና ለልቧ ነው አሉ። «ለድመት ልጅ» ይላል ደግሞ።
ዋጋውን አየሁና አስቀመጥኩት። ሄድኩ። ተመለስኩ ቀስ ብዬ፣
ሰው እንዳያየኝ ይመስል፣ ቅርጫት ውስጥ አኖርኩት ጥዬ።

ማታ በደመወዝ ወረቀት ጀርባ መስመር አሰመርኩ፣
ግራውን ለወጪው ስም፣ ቀኙን ለቁጥር አካፈልኩ።
ክትባት። አንዴ አይበቃም፣ በየአራት ሳምንቱ ሦስቴ።
የትል መድኃኒት። አሸዋ።
ማምከን። እዚህ ላይ እጄ ቆመ፤ ባለ ሦስት ቤት ቁጥር፣
ሮሊን በሆዴ ረገምኩት፣ ከነሄልሜቱ ከነምስጢር።
የዓርብ ሎተሪ። ሰረዝኩት፤ በስድስት ዓመት የደረሰኝ
አንድ አሥር ዶላር ነው፣ እሱንም መልሶ የበላኝ።
ዕቁብ። አይነካም።
ሲፈን በፒጃማ መጣች፣ በትከሻዬ ላይ አየች፣
«ስሟ ስሙኒ አይደለም እንዴ? ለምን በዛ?» አለች።

ቅዳሜ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት፣ እጇ ሞቃት፣
ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፤ ዘጠኝ መቶ ግራም፣ ኪሎ አልሞላት።
ከንፈሯን በአውራ ጣት ገልጣ ጥርሷን አንድ ባንድ ቆጠረች፣
«ምግቧን ደህና መርጠዋል» ብላ ወደ እኔ ዞረች።
እኔ ምላሴ ሄደብኝ ወደ ግራው መንጋጋ፣
ሁለት ዓመት ወዳላኘክሁበት፣ ሌሊት ሲያመኝ እስኪነጋ።

ሰኞ፣ የእረፍት ሰዓት ላይ፣ ፍል ውሃ የማፈስበትን ኑድል፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጥኩት፣ ጀርባው ምን እንደሚል፦
ጨው፣ ዘይት፣ ቀለም። ፊቱ ላይ ዶሮ ተስሏል፣
ከዝርዝሩ ግን የለም፤ ዶሮው ቀድሞ በርሯል።
ሮሊ «ምን ታነባለህ?» አለኝ።
«የአንተ ድመት ያመጣችብኝን አመል» አልኩት።

ማታ ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ ስሙኒ ጭኔ ላይ ተኝታ፣
ሆዷ እንደ ትንሽ ከበሮ፣ ጥጋብ ጥፍሯን አላልታ።
ከማምከኑ በታች አንዲት ባዶ መስመር ነበረች፣
«ጥርስ» ብዬ ጻፍኩባት።
«የስሙኒ?» ሲፈን አለች።
«የእኔ።»
ከጎኑ ቁጥር የለም።
ጠዋት ደውዬ እጠይቃለሁ።